ከግድቡ ሥር የወጣው ድፍርስ ውሃ

ሚታሊዬ፣

ዳካ ጎዳናው ውሃ ቢሞላ ጫማ አውልቆ መሳቅ ነው፤ እዚህ በባሕሩ ዳርቻ ኩልና ግን ማንም አይስቅም። ዛሬ ባሕሩ እየሞላ ሳለ፣ የሃይድሮሊክስ ተማሪነቴ አኩርቶኝ፣ "ማዕበሉ የአፈር ግድባችሁን አያልፍም፤ አስልቼዋለሁ" ብዬ ለመንደሩ ሰው ፎከርኩ። አሮጊቷ ጆቤዳ ከግድቡ ሥር የሚወርደውን ውሃ በእፍኛቸው ተቀብለው አሳዩኝ። ድፍርስ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ላይ ላዩን ትለኪያለሽ፤ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው!"

ሳሩን ስንገልጥ ግድቡን ሰርስሮ ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ጨዋማ ውሃ የሚያስገባ ቧንቧ አገኘን። አፈር በጆንያ ተሸክመን፣ ተራውጠን ደፈንነው። "የማን ነው?" ብል ጆቤዳ አንገታቸውን ደፉ።

"የኔው ነው። ምን ልብላ ታዲያ?"

ለውሃ ቢሮው በማቀርበው ሪፖርት ላይ ብጽፈው ኩሬያቸው ይዘጋል፤ ብተወው ቧንቧው ነገ ይከፈታል። እናትሽን ሳሚልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እኔ ግን አልወሰንኩም።

ሎፓ