ማንም ያልሞተበት መርዶ

ይድረስ ለአባቴ፣ ካሉበት።

በደብዳቤ ወግ መጀመሪያ ጤናዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል። እሱንም ልዝለለውና ወደ ነገሬ ልግባ። ከተለያየን አሥር ወር ሆነን። አሥር ወር የምለው በእማዬ ቆጠራ ነው፤ በእኔ ቆጠራ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይጎድለዋል። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ቤቱ እንደነበረ ነው። በሬዎቹን ጎረቤታችን አያ ካሴ ከራሳቸው በሬዎች ጋር አዳብለው ያርሱባቸዋል። እርስዎ «ሰው ቢሆን ዳኛ ይወጣው ነበር» የሚሉት ቦራው በሬ አሁንም ካልተለመነ አይነሳም። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። በርበሬው ዘንድሮ ያዘልን፤ ደጁ ሙሉ ተሰጥቶ እማዬና እኔ ስንለቅም እንውላለን። በርበሬ መልቀም ማልቀስ ለፈለገ ሰው የተመቸ ሥራ ነው፤ ማንም ምን ሆነሽ አይልም። እኔ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በበርበሬ አሳብቤ አልቅሻለሁ። እማዬም እንደዚያው ስታደርግ እንደነበር ያወቅሁት ዛሬ ነው።

አሥራ ሁለት ቀን ያልኩት ወደ ቤት ከመጣሁ ነው። ለእማዬ እረፍት ተሰጥቶን ነው ብያት ነበር። ውሸት ነው፣ አባዬ። የመጨረሻ ዓመት ልምምዴን፣ ኢንተርንነቱን፣ አቋርጬ ነው የመጣሁት። አእምሮዬ ደክሞብኝ። ይህን ለእማዬ መንገር ፈራሁ። እርስዎ ካረፉ ወዲህ ቀና ብላ የምትሄደው በእኔ ነው፤ ከማንኩሳ ገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን «ዶክተሯ ልጄ» ሳትል አትውልም። በመጣሁ ማግሥት ጉልበቱን ያመመው፣ ዓይኑ የደከመው፣ ጥርሱ የነቀዘው ሁሉ ደጃችን ተሰለፈ። እኔ ደግሞ እየሳቅሁ ሁሉንም አየሁ። ብነግራት ትሰበራለች ብዬ በየማታው ለነገ አሳድረዋለሁ።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርዎት። ኢንተርን ማለት ሐኪምም ተማሪም ነው፤ ሐኪሙ ሲወቀስ ይወቀሳል፣ ተማሪው ሲወቀስም ይወቀሳል። ዛሬ ጠዋት የገባ ተረኛ ነገ ከሰዓት ነው የሚወጣው። እየቆየ መተኛት በምችልበት ቀንም መተኛት አቃተኝ። ምግብ አልወርድ አለኝ። የታካሚ ካርድ አንብቤ ስጨርስ የሰውየው ስም ይጠፋብኛል። አንድ ቀን አንድ በሽተኛ አይቼ ስለተኛ ብቻ ቀናሁበት፤ እግሩ ተሰብሮ እኮ ነው የተኛው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የእንቅልፍ ክኒኗን ከቅባት ዕቃዋ ውስጥ ደብቃ እንደምትውጥ ያየሁት እኔም መደበቂያ ስፈልግ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ታካሚ የምንቆጣው እኛው ነን።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መርዶው ነው። እርስዎ የአገሩ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። በማለዳ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከአያ ካሴና ከአንድ ሁለት ሽማግሌ ጋር ይሄዳሉ፤ ሰውየውን ያስቀምጡታል፣ ዘመድ አጠገቡ ያደርጋሉ፣ ከሩቅ ጀምረው ቀስ ብለው ይደርሱበታል። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ የሚይዘው ያጣል ይሉን ነበር። ከመርዶ ሲመለሱ ቤት አይገቡም፤ ከብቶቹን ራስዎ ሊያግዱ ይወጡና ሲመሽ ይመጣሉ። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። የሕክምና ትምህርት ደረሰኝ ብዬ ስመጣ ሰዉ ሁሉ እልል ሲል እርስዎ ብቻ «ሰው ሲሞትብሽስ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ተቀይሜዎት ነበር። የሚሞትብኝ አልመሰለኝም።

እኛን በትምህርት ቤት ያስተማሩን ሌላ ነው፤ ግልጽ ቃል ተጠቀሙ፣ አታዘግዩ ይላል። እሱም ትክክል ነው፣ የእርስዎም ትክክል ነው። ኮሪደር ላይ ስቆም ግን አንዱም አልሆነልኝም።

ከፈረስ ቤት ከተማ ወገን ሚስታቸውን ይዘው የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ሌላ ዘመድ አብሯቸው አልነበረም። አንድ ጠዋት አጥሚት ሊያመጡ ወጣ ባሉበት ሴትዮዋ አረፈች። ብዙ ታገልን፤ አልሆነም። ፔርሙዛቸውን ይዘው ሲመለሱ በሩ ላይ ያገኙት እኔን ነው። «ዶክተር፣ እንዴት አደረች?» አሉኝ። ካለፈው ቀን ጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነበር። ብቻቸውን መሆናቸውን ሳይ የእርስዎ ቃል መጣብኝ። «ተኝታለች፣ አይቀስቅሷት» አልኳቸው።

ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ የሚዞሩበት ሰዓት ስለነበር አስታማሚ አይገባም። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ ፔርሙዙን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጠበቁ። እኔ አሁን እነግራቸዋለሁ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ እያልኩ በሌላ በር እወጣለሁ እገባለሁ። ቀትር ሊሆን ሲል የበላይ ሐኪማችን ነገረቻቸው። አልጮኹም። ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ እኮ ለልጆቿ ደወልኩ። እሰይ አሉ። አሁን ምን ብየ ልደውል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደረች» የሚል ሰው ከሰማሁ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ደረጃው እሸሻለሁ። የበላይ ሐኪሟ ትቆጣኛለች ስል ደረጃው ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ «አንቺ እኮ ታመሻል» አለችኝ። ወደ አእምሮ ሐኪም የወሰደችኝም እሷ ናት። በመጨረሻ ለሦስት ወር እንዳቋርጥ ተፈቀደልኝ።

አሁን የአሥራ ዘጠኙን ቀን ነገር ልንገርዎት። እርስዎ አውድማ ላይ ወድቀው ሲቀሩ እኔ ወደ ኢንተርንነት የሚያሸጋግረኝ ፈተና ላይ ነበርኩ። ፈተናዋን ትጨርስ ተብሎ ተደበቀኝ። በደወልኩ ቁጥር እማዬ እየሳቀች «አባትሽ ማሳ ወርዷል»፣ «ፍኖተ ሰላም ገበያ ሄዷል»፣ «ማኅበር ላይ ነው» ትለኛለች። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ መሯሯጣቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈተናውን አለፍኩ። ከዚያ በሞቱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ አጎቴን ጋቢ ለብሶ የዶርማችን በር ላይ አየሁት። ለአርባዎ ደረስኩ፤ አፈር ሲለብሱ ግን አልነበርኩም። እማዬን ተቀየምኳት፤ ተቀይሜሻለሁ ግን አላልኳትም። ከዚያ እኔው ራሴ የፈረስ ቤቱን ሰውዬ ያንኑ አደረግኋቸው።

ትናንት መሸከሙ ሲያቅተኝ ለአያ ካሴ ነገርኳቸው። ማሳ ዳር ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ «ይሄማ ለእናት በወጉ ነው እሚነገር። ለእኔ ተይው» አሉኝ። እፎይ አልኩ። እንዴት አድርገው እንደሚነግሯት አልጠየቅኋቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አያ ካሴ በዕድሜያቸው በወጉ ነግረው የሚያውቁት አንድ ዓይነት ወሬ ብቻ መሆኑን መርሳት አልነበረብኝም።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከች አሉ። እማዬ በሩን ስትከፍት አየቻቸው። አያ ካሴም እንደ ልማዳቸው «ጥሩሰው፣ እስኪ አረፍ በይ» አሉ። በቃ፣ አለቀ። እማዬ ሻሿን ጥላ «አዱኛዬን!» ብላ ጮኸች። ወንድሜ አዱኛ ቡሬ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ መንገዱም ኔትወርኩም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ድምፁን ከሰማን ሰንብተናል። አያ ካሴ ደንግጠው «የለም፣ የለም፣ አዱኛ ደህና ነው» ሲሉ ጭራሽ ባሰባት፤ መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ እንደዚያ እንደሚል የእርስዎ ሚስት ሆና እንዴት አታውቅ! ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። የታችኛዋ ጎረቤታችን ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ ደረቷን እየደቃች ገባች። አባዬ፣ ቢኖሩ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

መሃል ገብቼ ያዝኳት። ማንም አልሞተም፣ እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አእምሮዬን አሞኝ ትምህርቴን አቋርጬ ነው የመጣሁት አልኳት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ሌላ የለም?» አለች። የለም አልኳት። «ማንም አልሞተ?» ማንም። መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ከዚያ ወደ አያ ካሴ ዞራ «እግዜር ይይልዎ! ልጅሽ ታማለች ለማለት ሦስት ሆናችሁ በጎሕ ትመጣላችሁ? ነፍሴን እኮ አወጣችኋት!» ብላ ወረደችባቸው። አሥራ ሁለት ቀን የፈራሁት ነገር እንደዚህ ሆኖ አለፈ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ቁርሱን በልቶ ሄደ።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ወደ በርበሬው ተመለስን። እማዬ ቀና ሳትል «ያኔ በስልክ ስስቅልሽ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ይነገራት ሲሉ እምቢ ያለችው እሷ ነበረች፤ ፈተናውን ትወድቅብኛለች ብላ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር ትደነግጣለች። እሷም እንቅልፍ የላትም። ተቀይሜሽ ነበር አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ አለቀስን፤ በበርበሬው ያሳበበ ሰው ግን አልነበረም።

ሰኞ የሐኪም ቀጠሮዬ ነው። እማዬ አስታምማታለሁ ብላ ተነሥታለች። ከአሁኑ በሶና ቆሎ ትቋጥራለች፣ አልጋ ይዤ የምከርም ይመስል። በእግሬ ሄጄ በእግሬ እንደምመለስ ብነግራት አልሰማ አለችኝ። ወደ ልምምዴ እመለስ አልመለስ ገና አላውቅም። አንድ ማለዳ አላዳነኝም፣ አባዬ፤ አሁንም ደክሞኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ባለፈው ሐኪሙ ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ አባቴ ገበሬ ናቸው ብዬ እንዳሉ አድርጌ አለፍኩ። ምን አስጨነቀሽ ሲለኝም የሥራ ብዛት ነው አልኩት። አሥር ወር ሙሉ ሞትዎ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ካልኩት እውነት የሚሆን እየመሰለኝ። እርስዎን አለመርሳት ማለት ያ መስሎኝ ነበር። አልረሳዎትም፣ አባዬ፤ እንዲያውም ገና አሁን ማስታወስ ልጀምር ነው። ሰኞ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ከእርስዎ እጀምራለሁ። አባቴ ሞተዋል እለዋለሁ፤ እማዬም አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማኛለች።

ልጅዎ፣ ይታይሽ