ሦስተኛው ጉልቻ

ኅዳር 1፣ ሰኞ። ጠዋት 12፡30

አሸዋ ነፍቼ ጨረስኩ። ሲሚንቶው እስኪመጣ ልጫር። የቡሬ ብርድ እጄን ሰነጣጥቆታል።

እናቴ ደወለች። የእህቴ ልጅ እሑድ ሰማንያ ቀኗ፤ ክርስትና ትነሣለች። ግን የኛዋ ማርያም ቅዳሴ ከታጎለ ሦስት ሰንበት። ሁለት ቄስ አለ። ዲያቆን ሦስት ያስፈልጋል፤ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ዲ/ን ይበልጣል፣ ቡሬ ብሎኬት የምመታው።

ፊደል ያስቆጠሩኝ ቄስ፣ የኔታም፣ መልእክት ልከውብኛል። ሦስተኛው ጉልቻ ቡሬ ወርዶ ምን ያደርጋል፣ ድስታችን እኮ ተደፋ፣ ብለዋል። እርሳቸው ሲወቅሱም በሰምና ወርቅ ነው።

እሺ፣ እመጣለሁ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ኅዳር 2። ምሳ ሰዓት

ስማኝ ደብተሬ፣ ካንተም የደበቅሁት ነገር አለ። ዲቁናዬ ፈርሷል። አምና፣ ሻይ ቤት ትሠራ ከነበረችው ልጅ ጋር። ወደድኳት፤ እሷ ባሕር ዳር ገባች፤ እኔ ይኸው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ዛሬም ዲያቆኑ ልጄ ትለኛለች። በሰማሁት ቁጥር አፍራለሁ።

የባሰው ደግሞ አለ። ከአገር ስወጣ ሰባት ዲያቆናት ነበርን። ሙሉቀንን በስልክ የጠራሁት እኔ። እሱ ሌላውን ጠራ፣ ያም ሌላውን። ሥራ አለ፣ ኑ፣ መሬት የላችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ እያልኩ። ልክ ነበርኩ እኮ! መሬት የለንም። ግን ደብሩን ያራቆትኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 4

ሰይጣን ምክር አያጣም። ሂድ፣ ቁም፣ ማን ያውቅብሃል አለኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ላደርገው ቆርጬ ነበር። ከዚያ ያቺ ሕፃን አፏን ከፍታ ስትቀበል ታየችኝ። ጽዋውን የምይዘው እኔ! አይሆንም። አላደርገውም።

ሙሉቀንስ? ክፍል እንጋራለን። ከኔ ይልቅ ጸሎተኛ ነው። እሱ ይሂድልኝ። ግን ለምን አንተ አትሄድም ይለኛል። ልነግረው ነው። ወይኔ።

ኅዳር 5። ከሥራ መልስ

ነገርኩት። ሁሉንም፣ መሬት መሬት እያየሁ። እስኪሰድበኝ ጠበቅሁ። ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን እንደያዘ ቀረ። "አንተም?" አለኝ።

አንተም! ሳቅን። እግዚኦ፣ ሳቅን። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እናቱ አደራ ብላ የሰጠችው ለኔ ነው። እንደኛ የወጡትን ሦስቱን ደውለን ልንጠይቅ አስበን ተውነው። ፈራን።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1፡10

እናቴ ደወለች። የኔታ ለነገ ቅዳሴ አለ ብለው አስነግረዋል። ጠላው ደርሷል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እህል እንዳትቀምስ አለችኝ፣ እንዳልረሳ ብላ።

አሁን ከተናገርኩ ልጅቷን አዝለው ሽንዲ ከተማ ይደርሳሉ፤ እዚያ ቅዳሴ አይታጎልም። ማታ ከተናገርኩ አይደርሱም። ነገ ከሆነ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላም ቆሞ እኔን ይጠብቃል። ስሜ ይጥፋ፤ ልጅቷ ትነሣ።

መጀመሪያ የኔታ ይስሙ። ደወልኩ። እየጠራ ነው። በግራ እጄ ስልክ፣ በቀኝ እስክሪብቶ። እስክሪብቶውን ካስቀመጥኩ ስልኩንም እዘጋዋለሁ።

አነሡ። ደረስህልን ወይ ልጄ፣ ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።

የኔታ፣ ይፍቱኝ፣ እኔ