የግራዋ ዶቃ

መጋቢት 19
እንቁላሎቹ ዛሬ ማሞቂያ ገቡ። የሁዳዴ ጾም ስለሆነ ገበያው በእንቁላል ሞልቷል፤ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት ካልመጣ ግን ሽል የለውም፣ ለእኛ አይሆንም።

ባለፈው ወር በቀኝ ተሳክቶልኛል። ጥቃቅን ዶቃ ኬሚካል ውስጥ ነክሬ ከሽሉ ጀርባ አጠገብ ሳስቀምጥ፣ ኬሚካሉ እየሰረገ ጎረቤት ሴሎችን «ነርቭ ሁኑ» ይላቸዋል። በዚያ በኩል ነርቭ ይበዛል። አሁን ደግሞ በግራ። በግራ ካልሠራ መመረቂያ ጽሑፌ አለቀለት።

ዶቃ የሚቀመጠው ልክ በዒድ። «እናትሽ ጋ ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለች ሶረቲ። «ለገና አንቺ አይደለሽ የያዝሽልኝ?» ላብራቶሪ አብረን ከገባን ጀምሮ እንዲህ ነን።

መጋቢት 21
ዒድ። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ እማ ቤት። ሶረቲ ደወለች። እንቁላሎቹስ? አልኳት። «ሁሉም ሰላም ነው። በዓልሽን አክብሪ።»

መጋቢት 25
ሶረቲ የሽሉን ፎቶ ሰጠችኝ። ነርቮቹ በግራ! አቀፍኳት። አማካሪዬ ዶክተር ጋሻው «ጥሩ ነው» አሉ... ከሳቸው አፍ ይህ ብርቅ ነው።

ሚያዝያ 1
ለመምህራኑ አቀረብኩ። ተጨበጨበ። ሶረቲ አላጨበጨበችም። ደክሟት ይሆናል።

ሚያዝያ 6
የጫጩት ልብ ወደ ቀኝ ነው ወጣ የሚለው። ሁሌም። እዚህ ፎቶ ላይ ወደ ግራ...

ያለፈውን ወር ፎቶ አውጥቼ እንደ መስታወት ግራ ቀኙን ገለበጥኩት። ያው ሽል። ያቺው ዶቃ። ሶረቲ የራሴን ፎቶ ገልብጣ ሰጠችኝ።

እንዴት እስከዛሬ አላየሁም? እሷ ስለሰጠችኝ ነዋ።

ሚያዝያ 7
ከሶረቲ ጋር ሜክሲኮ አደባባይ ተገናኘን። አልካደችም። «በዋዜማው መብራት ጠፋ። ሁሉም ሞቱ። በዒድ ቀን ላርዳሽ?»
እሺ፣ በዒዱ አይሁን። ከዒዱ በኋላስ?
«ፊትሽን ሳይ አቃተኝ።»
ፎቶ መገልበጥ ግን አላቃታትም።
«ውጤቱ እንደሆነ ያው ነው የሚሆነው፣ ሀሚዳ።»
እስከ ልደታ በእግሬ መጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግኩም። ጠላት ቢሆን እንዲህ አያምም።

ሚያዝያ 8
ለዶክተር ጋሻው ነገርኳቸው። «ያቀረብሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውጤቱ ተሰረዘ። የዘንድሮ ምርቃት ቀረ። ለእማ ምን ልበላት?

ግንቦት 14
እንደገና ሠራሁት። ሁሉንም ዶቃ በራሴ እጅ። ዛሬ አየሁ... ልቡ በቀኝ፣ ነርቮቹ በግራ በዝተው። ልክ እንዳለችው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተናደድኩ እንጂ። ያኔ ስትደውል እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ ይኸው ውጤት በእጃችን ነበር። ለሁለታችንም።

ሶረቲ ከላብራቶሪ ሰው ሰምታ መልእክት ላከች። «አላልኩሽም?» አልመለስኩላትም።

ግንቦት 26
አዲስ እንቁላሎች ገብተዋል። ለእማ ደውዬ የአረፋን በዓል ላብራቶሪ እንደምውል ነገርኳት።
«ምነው፣ ሶረቲ የለችም እንዴ?»
«የለችም፣ እማ።»