ባዕድ ነገር ተብለው ስለተነቀሉት አራት ክሮች

ለክቡር ዶክተር ተስፋሚካኤል
የቤተ መጻሕፍቱ የጥንታዊ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የክፍልዎ ማቀዝቀዣ መሣሪያም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሁለት ግልባጭ ጽፌ አንዱን ለእርስዎ ልኬ ሌላውን የልደታ ኮንዶሚኒየም በራችን ላይ የለጠፍኩት፣ ባለፈው ሳምንት በጸሐፊዎ በኩል አቤቱታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ስላዘዙኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ በመሆኑ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ጡረተኛ ሥራ እንዳይፈታ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።

በሩ ላይ ቆሞ ለሚያነበው ጎረቤት ነገሩን ላስረዳ። ባለቤቴ ሠርካዲስ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። የቄስ ልጅ ስለነበረች ዳዊት ትደግም ነበር። እኔ አርባ ዓመት ብራና ስፍቅና መጽሐፍ በቆዳ ስደጉስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቆዳውን እንጂ ቃሉን ብዙም አላውቅም። ስለዚህ ከአባቷ በወረሰችው የብራና ዳዊት ላይ፣ እኔ የሚነበበውን መዝሙር ፍለጋ እንዳልቸገር ብላ፣ በአራት ገጾች ጠርዝ ላይ ክር ሰፋችልኝ። ቀዩ ለሕመም፣ አረንጓዴው ለመንገድ፣ ሰማያዊው ለፍርድ ቤት፣ ነጩ ደግሞ ለእሷ ሞት። ነጩን የመዘዘችው ከሠርግ ቀሚሷ ጠርዝ ነው። በሙት ዓመቴ ቀን እሱን ገልጠህ አንብብልኝ፣ ብትንተባተብም አልቸኩልም አለችኝ። አምስት ዓመት አነበብኩላት።

ከሁለት ዓመት በፊት ከላዬ ያለው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳዬ ሲረጥብ፣ ለመጽሐፉ ፈርቼ ለእናንተ ለቤተ መጻሕፍቱ በአደራ ሰጠሁ። በየዓመቱ ኅዳር 8 ቀን ገብቼ እንዳነብ በውሉ ላይ ፈርመውልኛል። አምና አነበብኩ። የዘንድሮውን ደግሞ እነሆ፦

አንደኛ፣ መጽሐፉን ስላጸዱልኝ አመሰግናለሁ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረጋችሁ ደንበኛ ሥራ ነው፣ እኔም አደርገው ነበር። ነገር ግን ባለሙያዎችዎ ክሮቹን በወረንጦ ነቅለው ሲያበቁ በጽዳት መዝገቡ ላይ «የተወገዱ ባዕድ ነገሮች፦ የሰም ጠብታ፣ የደረቀ ዝንብ አንድ፣ ክር አራት» ብለው ጽፈዋል። የሚስቴን የሠርግ ቀሚስ ከዝንብ ቀጥሎ ስላስመዘገቡልኝ ውለታዎን አልረሳም። በጥራት ነው የተጻፈው፤ እኔ እንኳ ሳልንተባተብ አነበብኩት።

ሁለተኛ፣ ኅዳር 8 ቀን ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ስመጣ ጓንት አጥልቀውልኝ አስቀመጡኝ። ክሩን ባጣሁት ጊዜ ስንተኛው መዝሙር እንደሆነ ቁጥሩን እንድናገር ጠየቁኝ። ቁጥሩን አላውቀውም። ቁጥሩን ባውቀው ኖሮ ሠርካዲስ ዓይኗን አፍዝዛ ምን ያሰፋታል? ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እየገለጥኩ ፈለግሁ። አንባቢዎቹ ሁሉ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እንዘጋለን ተባልኩ። በስድስተኛው ሙት ዓመቷ ሚስቴ ያገኘችው ይህን ነው። ውሃ ይዛልኝ የመጣችውን የንባብ ክፍልዎን ሠራተኛ ወይዘሪት ሀያትን በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ቢቆጧት ግን እሰማለሁ፣ ይወቁት።

ሦስተኛ፣ ክሮቹ የት እንደገቡ ስጠይቅ ከቆሻሻው ጋር እንደሄዱ በትሕትና ነገሩኝ። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ።

አሁን ምን እንደምፈልግ ልንገርዎ። መርፌ ብራናን አንዴ ከወጋው ቀዳዳው አይደፈንም። ዓይን ቢያጣው ጣት ያገኘዋል፣ ጓንት ያላጠለቀ ጣት። የነጩን ክር ገጽ እንዳልስተው ሦስት ጊዜ ነው የወጋችው፤ ሌሎቹን አንድ አንድ ጊዜ። የቀሚሱ ጠርዝ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ። እጄን ታጥቤ እመጣለሁ፣ በራሴ መርፌ እሰፋለሁ፣ አነብላታለሁ፣ እወጣለሁ። ለዚህ የአንድ ጠዋት ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ 2 ቀን እጠብቃለሁ። ኮሚቴ ይሰብሰብ ካሉኝ ግን፣ እኔም የራሴን ጉዳይ እሰበስባለሁ።

በመጨረሻም እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፤ ዓይንዎ ደክሞ፣ ሰው እያየዎት፣ አንዲት ገጽ ፈልገው እስኪያጡ ድረስ። ይህን የምመኘው ከልቤ ነው።

ዘወትር አክብሮቴ የማይለይዎት፣ በመዝገብዎ «ተገልጋይ» የተባልኩት
ገብረየሱስ፣ የሠርካዲስ ባል
ልደታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ታኅሣሥ 4 ቀን እንግዶች ጠርተው ይህንኑ ዳዊት በመስታወት ውስጥ እንደሚያሳዩ ልደታ ማርያም አጠገብ ከተሰቀለው ማስታወቂያ አነበብኩ። «ድጉሰቱ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ደጓሹ ያልታወቀ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ አሮጌው ሽፋን በምስጥ ስለተበላ በ1971 ዓ.ም. ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በነበረችው ሱቄ አዲስ የደጎስኩት እኔ ነኝ። ዋንዛ ስላጣሁ የሽፋኑን የእንጨት ገበታ ከሳሙና ሣጥን ነው ያወጣሁት፤ የኋላውን ቆዳ ገለጥ ቢያደርጉ የፋብሪካው ጽሑፍ አለ። ማን ደጎሰው ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ ዝም አልኩ። ቆዳው ላይ ያሉት መስቀሎች ሁሉ የቀኝ ክንዳቸው የተሸረፈ መሆኑን ሊቃውንትዎ የጥንት ምሥጢር ነው ብለው ጽፈዋል። መስቀሉን ቆዳው ላይ የማትምበት ብረት ከእጄ ወድቆ ነው የተሸረፈው። ብረቱ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ ፈቃዱ ካልመጣ በዕለቱ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ እንግዶቹም ብረቱ በተሸረፈው መስቀል ውስጥ ልክ መግባቱን እንዲያዩ እለምናቸዋለሁ።