ያልተጠረገው ቅጠል

ልጄ ሚዮ፣

በመንገዳችን ጥግ የቆመው የድንጋይ ሐውልት፣ የልጆች ጠባቂው ጂዞ፣ እዚያ ሊዝበን ድረስ ዓይኑን ከአንቺ አይንቀል። እኛ ደህና ነን፤ ስለ ጉልበቴ ሕመም ብቻ አትጠይቂኝ። የቶፉ፣ የዚያ የአኩሪ አተር አይብ ሻጩ ሱቅ ተዘግቶ ለቱሪስት የባህል ልብሳችንን፣ ኪሞኖን ማከራያ ሆኗል። አባትሽ የላላውን በር "ነገ እሠራዋለሁ" እንዳለ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደጄን ልጠርግ ስወጣ ልቤ አላርፍ አለ። ጎረቤታችን እትዬ ኩሜ የራሳቸውን ደጅ ሲጠርጉ፣ ወደ እኛ በኩል አንድ ክንድ ያህል እንደሚጨምሩ ታውቂያለሽ። እኔም ለእሳቸው እንደዚያው። ከዚያ ካለፉ ውለታ ማሸከም ነው፤ ካሳነሱ ደግሞ ንፉግነት። ያን ቀን ግን በእሳቸው ደጅ የረገፈው ቅጠል ሳይጠረግ እንዳለ ነበር።

"በምን አስቀየምኳቸው?" እያልኩ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሻይ ጥጄ ረሳሁት። አባትሽማ "ተኝተው ይሆናል፣ ተያቸው!" አለኝ። አልቻልኩም፤ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው አገኘኋቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። አሁን ሆስፒታል ተኝተው እንኳን "አደራ፣ ደጄን ሙሉውን እንዳትጠርጊው፣ አፍራለሁ" ይሉኛል። እኔ ግን ሙሉውን ነው የምጠርገው፤ እንዳትነግሪያቸው።

ሚዮዬ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንቺ ያለሽበት ፎቅ የሚጠረግ ደጅ የለውም። አንድ ጠዋት ሳትወጪ ብትቀሪ ማን ልብ ይልሻል? ጤናሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይሙቅ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ዛሬውኑ የጎረቤትሽን በር አንኳኪና ስሟን ጠይቂያት። ያንቺንም ንገሪያት።

እናትሽ ፉሳኤ