አሸዋው አንተ ጋ ይቆይ

ውድ ኦብረን፣

ሰሃኑ ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ላንተ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ አሁንም መሪ እንደጨበጡ ናቸው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ምክንያቱ ይኸው ነው። በሕይወት ሳለህ አንድም ቀን ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። የት ሄደህ ልጻፍልህ? ሁልጊዜ እዚያው ጓሮ ነበርክ፣ ግማሽ ሰውነትህ ፊቻ ሆድ ውስጥ። ያቺን ሚጢጢ መኪና ከእኔ አብልጠህ ትወዳታለህ እያልኩ ስንት ጊዜ አኮረፍኩህ።

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይላሉ። እኔን የከበደኝ ግን ሳልሰድብህ መዋሌ ነው። ጠዋት ተነስቼ «አንተ ሽማግሌ፣ ቡትስህን ከምድጃው አርቅ!» የምለው ሰው የለም። ቡትስህ አሁንም ምድጃው አጠገብ ነው፤ አላራቅኩትም።

አንተ ፕሪሙ ሲለቀም ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ልጃችን ኔቦይሻ ከከተማ እየደወለ አንድ ነገር ብቻ ይለኛል። «እማዬ፣ አባት ሲሞት የቤቱ ዝክር ለወንድ ልጅ ነው። ቅዱስ ኒኮላስን እኔ ቤት እናክብረው፤ አንቺም እዚያው ከእኛ ጋ ትቀመጫለሽ።» በልማዱ ከሄድን ልጁ ልክ ነው። ግን ዝክሩ ከወጣ ቤቱም ይዘጋል፤ የተዘጋ ቤት ደግሞ እዚህ ተራራ ላይ አንድ ክረምት አይችልም። አያትህ ዳቦ የቆረሱበት ጠረጴዛ ላይ አይጥ እንዲሯሯጥበት አልፈለግኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ አንተ የምትገኘው እዚህ ነው። የእሱ የከተማ ፎቅ ላይ የት ብዬ እፈልግሃለሁ?

«የዝክሩ ዳቦ ከዚህ ምድጃ ወጥቶ፣ በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ቄስ ሳቫ ከቆረሱት እዚሁ እቀራለሁ» አልኩት።

«ካልደረሰስ?»

«ካልደረሰ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«በዚያ በረዶ ማን ያደርስሻል?»

«ፊቻ!»

«በዚያች ቆርቆሮ? እሺ፣ እናያለን» አለ።

በበጋ እንደምነዳት ታውቃለህ፣ ሣሩ ሜዳ ላይ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። በረዶ ከጣለ ግን መሪ ሰጥተኸኝ አታውቅም። የእኔ ቦታ ጎንህ ነበር፣ ዳቦውን ታቅፌ። ጆሮዬ ግን አልተኛም። «ፍሬን የለም፤ ሁለተኛ ማርሽ፤ ቀስ፣ ቀስ በይ የእኔ ልጅ» እያልክ ስታባብላት እሰማ ነበር። እኔን እንደዚያ ለስልሰህ አናግረኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ላንሳው።

ዛሬ፣ በዝክሩ ቀን ጠዋት፣ ኔቦይሻ መጣ። ያ ትልቁ መኪናው ታች ወፍጮ ቤቱ ጋ ተንሸራቶ ቀርቶበት፣ በከተማ ጫማ ዳገቱን በእግሩ ወጣው። እኔ የፊቻን መስታወት እየጠረግኩ ነበር።

«ያንተ መኪና የታለች?» ስለው፣

«እማዬ፣ ዛሬ አትጀምሪኝ» አለ።

ዳቦውንና ንፍሮውን ታቅፎ ጎኔ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ፊቻ አስነጠሰችና ተነሳች። ሜዳውን ደህና ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ስንደርስ ግን እኔ መሪውን ወደ ግራ ባዞረው እሷ ቀጥ ብላ ወደ ቦዩ! ፍሬን አልነካሁም። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ እሷም ቦዩ አፍ ላይ ቆመች።

ያኔ ነው የገባኝ። አሸዋው! ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው እያልክ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ጆንያ አሸዋ ከፊት ኮፈኗ ውስጥ ትጭንና እስከ ፋሲካ አታወርደውም ነበር። ዘንድሮ ደግሞ እንደምትሄድ ያወቅክ ይመስል አስቀድመህ ጭነህላታል። እኔ ግን በአርባህ ቀን መቃብርህ ላይ ሻማ የምተክልበት አሸዋ ሳጣ፣ ያንን ጆንያ አውጥቼ የሻማው ሳጥን ውስጥ ገለበጥኩት። በረዶን ማን አሰበው? ያን ቀን ያሰብኩት ሻማህ እንዳይወድቅ ብቻ ነው።

«በቃ እማዬ» አለ ኔቦይሻ። «ሞከርሽ፣ አልሆነም። እንመለስ።»

ጉልበቴ ያንን ዳገት በእግር እንደማይወጣ ያውቃል። ቄስ ሳቫም በዚህ ቀን ስንት ቤት ዝክር እንደሚጠብቃቸው ታውቃለህ፤ ቆመው አይጠብቁንም።

«ዳቦውን ይዘህ ውረድ» አልኩት። «ኮፈኑ ላይ ተቀመጥ።»

«ምን?»

«አባትህ አስቀምጦኛል። ሙሽራ ሆኜ፣ ከነሻርፔ። አሸዋ ረስቶ።»

«እኔ እኮ የሃምሳ ዓመት ሰው ነኝ!»

«እሰይ፣ ያኔ ከነበርኩት ትከብዳለህ።»

ትዝ ይልሃል አይደል? እኔ የዝናብ መጥረጊያውን ጨብጬ ስጮህ፣ አንተ አንገትህን በመስኮት አውጥተህ «ወደ ግራ፣ ሴትዮ! ወደ ግራ አዘንብይ!» ስትል። ከዚያ ወዲህ አሸዋውን ረስተህ አታውቅም። እኔ ግን በልቤ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሸዋው ቦታዬን ወሰደብኝ።

ኔቦይሻ እያጉረመረመ ወጣ። ዳቦውን ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀመጠ፤ የፊቻ አፍንጫ ዝቅ አለ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ፣ ቀስ በይ የእኔ ልጅ። ጎማዋ መንገዱን ያዘ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ልጅህ በአንድ እጁ መጥረጊያውን ጨብጦ «ወደ ግራ፣ ሴትዮ! ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ያንተ ነበር፣ ኦብረን። ናፍቆትህ ዓይኔን ጋረደኝና መንገዱ ለአፍታ ጠፋኝ። ፍሬን ግን አልነካሁም።

ቄስ ሳቫ ካባቸውን አውልቀው ሊሄዱ ሲሉ ደረስን። «ኔቦይሻ! ሠረገላ አጣህ እንዴ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዳቦውን አንስተው «አብሮኝ የሚያዞረው የቤቱ ጌታ ማን ነው?» አሉ። ልማዱን ታውቃለህ፤ ከቄሱ ጋ ዳቦውን ይዞ የሚያዞረው ወንድ ነው፤ እኔም ወደ ኋላ አልኩ። ኔቦይሻ በበረዶ የቀላ እጁን ዘርግቶ የእኔን እጅ ያዘና ዳቦው ላይ አስቀመጠው።

«እሷ ናት» አለ። «እኔ ጆንያው ነኝ።»

ዳቦው ተቆረሰ፣ እንደ ልማዱ ወይን ፈሰሰበት። ከዚያ አንተ ጋ፣ መቃብርህ መጣን። ኔቦይሻ ሻማ ሊተክልልህ ሲያጎነብስ አሸዋውን አየና ቀና ብሎ አየኝ። ሻማውን በጥልቀት ተከለው።

ስንመለስ ሳልጠይቀው ኮፈኑ ላይ ወጣ። ቁልቁለት ላይ እንደማያስፈልግ አልነገርኩትም። ያንተ ቦታ ላይ እኔ ተቀምጬ፣ የእኔ ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። ግማሹን ዳቦ አስቀመጥኩበት።

ማታ ለዝክሩ የመጡት እንግዶች አሳውን ጨርሰው፣ አረቄህን አመስግነው ሄዱ። ኔቦይሻ ያንተ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ እርጥብ ጫማው ከቡትስህ አጠገብ። ሻንጣዬ ከቁም ሳጥኑ በላይ እንዳለ ነው።

በረዶው ገና ይጥላል አሉ። አሸዋው አንተ ጋ ይቆይ፣ ሻማህን ይያዝልህ። እኔ ኮፈኗ ውስጥ ድንች እጭናለሁ።

ያንተው ኮሳራ