ጣቱን ሳያነቃንቅ ስለተኛው «ራሱን መግዛት የማይችል» ሰው

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ። የአንጎል ምስል በሚነሳበት ክፍል የነበርነው ሐኪሙ፣ የማሽኑ ባለሙያ፣ ተመርማሪውና መወልወያ የያዝኩት እኔ።

ለተከበሩ የወንጀለኞች አእምሮ ምርመራ ተቋም ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጤናና ማንም የማይነቀንቀው ወንበር እመኝልዎታለሁ። እኔ የተቋምዎ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ማንበብ የለመድኩት ከቅርጫትዎ በሚጣል ወረቀት ስለሆነ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የዛሬውም ሪፖርት ቀለሙ የፈዘዘ ቅጂ በዚያው መንገድ ደርሶኛል።

አንደኛ፦ አንዲት ሰልጣኙን የደፈረው የልብስ ስፌት አስተማሪ የአንጎሉ የፊት ክፍል ስለሳሳ ስሜቱን መግታት እንደማይችል ገልጸው፣ ኪኒን እየዋጠ ሰኞ ወደ ሴት ሰልጣኞቹ እንዲመለስ መክረዋል። ምስኪን አንጎል! ሌሎቹ እስኪወጡ በትዕግሥት የጠበቀው፣ በሩንም ከውስጥ የቆለፈው የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ግን ሳይነግሩን ቀሩ።

ሁለተኛ፦ የማሽኑ ባለሙያ አስተማሪውን «ወንድሜ፣ ጣትህን ብታነቃንቅ ምስሉ ይበላሻል» አለችው። ማሽኑ ጆሮው ላይ እንደ መዶሻ እየደበደበ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ሪፖርትዎ ገጽ አራት ላይ «ትእዛዝ አክብሮ ጸጥ በማለቱ ምስሉ ጥርት ብሏል» ሲል ያመሰግነዋል፤ ገጽ አምስት ላይ ራሱን መግዛት አቃተው። አንድ ገጽ እስኪገለጥ እንዲህ የሚጸና በሽታ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ የጠቀሱት ጥናት፣ አንጎላቸው እንዲሁ ሳስቶ ማንንም ሳይነኩ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ይናገራል። ይህን ከሪፖርቱ የተዋችሁት ቦታ ጠብቧችሁ ይሆናል።

አራተኛ፦ የተደፈረችው ልጅ እናት ኮሪደር ላይ «እትዬ፣ እኛንስ ማነው የሚጠይቀን?» አለችኝ። «ቅጹ ላይ ለእናንተ ቦታ የለም» ለማለት አፍሬ ወንበር አቀረብኩላት።

ይህን መጻፌ ድፍረት ከሆነብዎ የእኔም አንጎል ሳስቶ ይሆናልና፣ ለእሱ ባሳዩት ርኅራኄ ይለፉኝ።

ወለልዎን በየማለዳው የምትወለውል፣
ታዛዥዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማግስቱ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገጽ አራትንና ገጽ አምስትን ለዐቃቤ ሕግ መዝገብ ቤት አስረከብኩ። የአቅራቢ ስም በሚለው ቦታ የራሴን ስም ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። ማህተም ተመታልኝ። የገቢ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጬ ለእናትየዋ ሰጠኋት፤ ከዚያም ሥራ ገባሁ።